«ሲስተም የለም» የማትለው እትዬ ስክሪን

እትዬ ስክሪን ስትቆጣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። እየጮኸች ከሆነ ደኅና ናት፤ ማንንም አትጎዳም። ማንሾካሾክ ከጀመረች ግን የሚያዋጣው ወንበርን ይዞ ራቅ ማለት ነው። እኔ ከእሷ ጋር አንድ ቢሮ የምጋራ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ይህን ከማንም በፊት ተምሬያለሁ፤ ትምህርቱም እንዲሁ በቀላሉ አልመጣልኝም።

የስሟ ነገር እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤታችን ብርድ ልብስ የሚያመርት ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ፋብሪካዎቹ ሌላ ሌላ ከተማ ናቸው። ስብሰባ በመጣ ቁጥር የቅርንጫፍ ሰዎች መንገድ ለመንገድ ከሚንገላቱ በቪዲዮ እንገናኝ ተባለና ትልቁ የስብሰባ ክፍል ታደሰ። እሷ ያኔ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች። ማዞሪያው ጊዜ አልፎበት ሊነሳ መሆኑን ስትሰማ፣ እስኪያሰናብቷት አልጠበቀችም፤ «ያንን ክፍል ስጡኝ» አለች። ሰጧት። ዕቃውን የሚገጥሙት ባለሙያዎች ሲመጡ ከመሰላላቸው ሥር አልጠፋም አለች። ይህ ምንድን ነው፣ ያ ለምንድን ነው ስትል፣ አንደኛው መልስ ሰልችቶት መፍቻውን አስጨበጣት።

ግድግዳውን የሚያክል ስክሪን ተሰቀለ። ካሜራዋን ከስክሪኑ በላይ ሊሰቅሏት ሲሉ እትዬ «ከዚያ ሆና ስታየን ሁላችንም መላጣ ነን» ብላ ተከራከረችና ከሥሩ፣ በዓይን ልክ አስገጠመቻት። ጣሪያው ላይ ማይክ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁሉን የሚያዝ ታብሌት ተቀመጠ። ሥራው ባለቀ ዕለት ዋና ሥራ አስኪያጁ ስክሪኑን በመዳፋቸው ደገፍ ብለው ወሬ ጀመሩ። «ጋሼ፣ እጅዎን ከስክሪኔ ላይ ያንሱልኝ» አለቻቸው። ደንግጠው አነሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት የለም፤ ደመወዝ ክፍል እንኳ አንዳንዴ ይሳሳታል።

ካሜራዋ የሚናገረውን ሰው ድምፅ እየተከተለች የምትዞር ናት። ችግሩ ንግግርና ሳል አትለይም። ጉንፋን የያዘው የሒሳብ ክፍል ኃላፊ አንድ ጊዜ ስብሰባውን ሙሉ በስክሪኑ ላይ ገዝፎ ዋለ። ሁለት ሰው በዚያው ክፍል ውስጥ የየራሱን ኮምፒውተር ድምፅ ከፍቶ ከገባ ደግሞ ድምፁ ተጋጭቶ ሲጮህ ጅብ የገባ ነው የሚመስለው፤ እትዬ ጩኸቱ ሳያልቅ የአንዱን ኮምፒውተር ክዳን ከድና ትመለሳለች፤ ማን እንደሆነም አትጠይቅም።

ሕግ አላት። ስብሰባ ላይ የሚያሳየው ነገር ያለው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በዋዜማው መጥቶ መሞከር አለበት። እሷ «ማሟሸት» ነው የምትለው። «አዲስ ድስት እንኳ ሳይሟሽ አይጣድም፤ ያንተ ኮምፒውተር ከድስት ይበልጣል?» ትላለች። ወይ ገመዱን ትሰካለህ፣ ወይ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር አስገብተህ ያለ ገመድ ታጋራለህ። ከዚያ ከወዲያ ያለውን የቅርንጫፍ ሰው «የመጨረሻዋን መስመር አንብብልኝ» ትለዋለች። ካቃተው ፊደሉን አሳድግ ትልሃለች፤ ቁጥሩ ገጹን ሞልቶት ከሆነም ቀንስ ትልሃለች፤ ሳትቀንስ አትወጣም።

በመጨረሻ የመልእክት መቀበያህን ታስዘጋሃለች። ይህችኛዋ ሕግ የመጣችው በሽያጭ ኃላፊው ጦስ ነው። ሰውየው የዓመቱን ዕቅድ እያጋራ ሳለ ግድግዳው ላይ የሚስቱ መልእክት ዱብ አለ፦ «ዛሬም ሽንኩርቱን ረስተህ ብትመጣ እናትህ ጋ ነው የምታድረው።» ሁሉም ቅርንጫፍ አነበበው። እትዬ የመጨረሻዋን መስመር አንብቡልኝ ማለት እንኳ አላስፈለጋትም። ሰውየውን እስካሁን «ሽንኩርቱስ?» ይሉታል።

ከሁሉ በላይ የምትጠላው ግን «ሲስተም የለም» የሚሉትን ነገር ነው። መስኮት ፊት ቆሞ ይህን ያልሰማ ባለጉዳይ በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም። እሷ የሰማችው በልጅነቷ ነው።

«እናቴ የአባቴን ጡረታ ለማስከበር ስትመላለስ ጫማዋ አለቀ» ብላ አጫውታኛለች። «ሁሌ ሲስተም የለም ነው። አንድ ቀን እኔን ይዛኝ ሄደች። ዘለግ ያልኩ ነበርኩና በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ። ሰውዬው ኮምፒውተሩ ላይ ካርታ ይጫወታል! ለእናቴ ነገርኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ዝም በይ፣ ይሰማሻል።› እጄን ጎትታ ይዛኝ ወጣች።»

ይህን ስትነግረኝ ታንሾካሹክ ነበር። እናቷ ካረፉ ስንት ዘመናቸው፤ ንዴቱ ግን አልበረደላትም። ስለዚህ በእሷ ክፍል ዕቃ ሲበላሽ «ተበላሽቷል» ትላለች፤ ስትሳሳትም «ተሳሳትኩ» ትላለች። ያንን ሌላውን ግን ከአፏ የሰማ የለም።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በዚህ በኩል ነው። የሥራ አመራር ቦርዱ በጣም ሩቁን ቅርንጫፍ ሊዘጋ አሰበ። ከዚያ የሚወጣው ብርድ ልብስ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፣ ደንበኛ ይመልሰዋል ተባለ። ከመወሰኑ በፊት ግን በቪዲዮ የቅርንጫፉን ሰዎች ልስማ አለ። ክር ፈታዩም፣ ሸማኔውም፣ ብርድ ልብስ ጠቅላዩም የሚናገሩበት አንድ ዕድል እሱ ብቻ ነበር። ካመለጣቸው በማግሥቱ በሩ ይታሸጋል።

ቅርንጫፉን የሚመሩት ጋሽ ፎርማን ናቸው። ዕድሜያቸውን በማሽን ጩኸት ውስጥ ስለፈጁ ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ በስክሪን ሲመጡ ካሜራው ላይ ተለጥፈው ነው የሚያወሩት። በዋዜማው እንደ ሕጉ ሊያሟሹ ገቡ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፤ የማየው አፍንጫዎን ብቻ ነው» አለቻቸው እትዬ።

«አፍንጫዬን ከወደድሽው ምን አለበት!»

ተሳስቀው ሲያበቁ ያዘጋጁትን አጋሩ። ቪዲዮ ነበር። ሳቃችን ቆመ።

ዝናብ ይዘንባል፤ ከፋብሪካው ውስጥ። የጣሪያው ቆርቆሮ በአንድ ወገን ተገንጥሏል። ሴቶች ያለቀውን ብርድ ልብስ በላስቲክ ጠቅልለው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይሸከማሉ፤ ከማሽኖቹ አጠገብ ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል። «ጣሪያው ይሠራልን ብለን አፋችን እስኪዝል ጮኸናል» አሉ ጋሽ ፎርማን። «ሻጋታው ከኛ እጅ አይደለም፤ ከላይ ነው የሚወርድብን።»

የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ምክትል ሥራ አስኪያጁ በኮሪደሩ ሲያልፍ ቆሞ አየ። ይህን ሰው አንቱ ልበለው ብዬ ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ጥገና የእሱ ኃላፊነት ነው። ያ ጣሪያ ተጠግኗል ብሎ ለቦርዱ ሪፖርት ያቀረበውም ራሱ ነው። እትዬ ዘወር ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እርምጃውን ፈጠን አድርጎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ቢሯችን መጣ። መኖሬን ከቁብ አልቆጠረውም፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ለእሱ እንደ ወንበር ነው።

«እትዬ» አለ ለስላሳ ድምፅ አውጥቶ፤ «ለነገው ሼር ማድረጊያውን ለኛ ብቻ አድርጊው። ከቅርንጫፍ ማንም ምንም እንዳያሳይ። ሲጠይቁ ሲስተም የለም በያቸው፣ በቃ።»

ገመድ እየጠቀለለች ነበር። አላቆመችም። «ሲስተሙማ አለ» አለች።

«መኖሩንማ እኔም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ያለውን የለም እንዴት ልበል?»

«እንደ ሰው ነዋ! አፍሽን ከፍተሽ!» ብሎ ሳቀ። «የቴክኒክ ጉዳይ ነው፤ ማን ይጠይቅሻል?»

ያኔ ድምጿ ወረደ። እኔ ወንበሬን ሳብ አደረግሁ።

«ይስሙኝ» አለች። «ገመዱ ተበጥሷል ብዬ አውቃለሁ። መብራት ሄዷል ብዬ አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነውም ብዬ አውቃለሁ። ያለውን የለም ብዬ ግን አላውቅም፤ በርስዎም አልጀምርም። ሰዎቹ ያንን ቪዲዮ ያሳዩት እኔ ኑና ሞክሩ ስላልኳቸው ነው። የኔ ሕግ ባይኖር እርስዎ መቼ ያዩት ነበር? በኔ በር ገብተው በኔ በር ላፍናቸው?»

ምክትሉ ሳቁን ዋጠ። «ጥሩ። ታብሌቱን ነገ እኔ እይዘዋለሁ። አንቺ ምናልባት የሚበላሽ ነገር ካለ ከኋላ ቁሚ። ከስብሰባው በኋላ እንነጋገራለን» ብሎ ወጣ። በሩን ክፍት ትቶት ነበር፤ እሷ ሄዳ ዘጋችው።

ማታ ለባሏ ነገረችው፤ ይህን ያጫወተኝ እሱው ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ነገር ሲከብደው የስፌት መኪናውን ፔዳል በባዶ ይረግጣል።

«ሴትዮ፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» አላት።

«የኔ አፍ ተዘግቶ ፋብሪካውም ይዘጋ?»

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ሰምተሽ የለ?»

«ሰምቻለሁ። ስለ ምክትል ግን የተባለ ነገር የለም።»

ሳቅ አመለጠው። ከዚያ የያዘውን ሱሪ ከመርፌው ሥር አውጥቶ አጠፈና «ክፍሉን ይወስዱብሻል» አላት። ያ ክፍል ለእሷ ምን እንደሆነ ያውቃል። ቅዳሜ ስክሪን ልወልውል ብላ ከቤት የምትወጣ ሴት ናት፤ ልጇ እንኳ «እናቴ ሁለት ቤት ነው ያላት» እያለች ታሾፋለች።

«ይውሰዱት» አለች። አፏ እንጂ ድምጿ እንዳልጨከነ ባሏ ነግሮኛል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የቦርድ ስብሰባ ግን አያድርም፤ ከምሳ በፊት ያልቃል። ጠዋት የቦርዱ አባላት ጠረጴዛውን ከበው ተቀመጡ። ሰብሳቢዋ ነገር የሚያጠሩ፣ ብዙ የማይስቁ ሴት ናቸው። ምክትሉ ታብሌቱን ፊቱ አድርጎ በክንዱ ከልሎታል፣ ፈተና እንደማያስኮርጅ ተማሪ። እትዬ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ስክሪኑ ላይ ጋሽ ፎርማን ከረባት አስረው፣ ለአንድ ቀን እንኳ ከካሜራው ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ሠራተኞቻቸው ከኋላቸው ቆመዋል።

ተራቸው ሲደርስ «አንድ የምናሳየው አለን» አሉ። ሲጫኑ እናያለን። ምንም አልመጣም። ደግመው ተጫኑ።

«ሲስተሙ እምቢ ብሏል» አለ ምክትሉ። «የናንተ መስመር ደካማ ነው።»

«ትናንት ሠርቶ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

«ሲስተም ነው፣ ጋሼ፤ ምን ይደረጋል? በቃል ይንገሩን።»

በቃል ሞከሩ። ዝናብ አሉ፣ ቆርቆሮ አሉ፣ ባልዲ አሉ። ጣሪያው ተጠግኗል የሚል ሪፖርት በእጁ የያዘ ቦርድ ፊት ይህ ሁሉ ወሬ ሆኖ ቀረ። አንዱ አባል ሰዓቱን አየ። ጋሽ ፎርማን ሰዓቱን ሲያይ አዩት። «ምናልባት እኔው ተሳስቼ ይሆናል» አሉ ከረባታቸውን እየነካኩ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ጊዜያችሁን ፈጀሁ።» ከኋላቸው የቆሙት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ።

«እንግዲህ ወደ ውሳኔው እንለፍ» አሉ ሰብሳቢዋ።

እትዬን አየኋት። አፏ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ከንፈሯ አመድ መስሏል። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ሰብሳቢዋ የውሳኔውን ሐሳብ ማንበብ ጀመሩ፤ እሷ አሁንም ግድግዳው ላይ ናት። በቃ አትናገርም አልኩ በልቤ፤ አልፈረድኩባትም። ክፍሏ ነው፤ ሥራዋ ነው፤ ልጅ ታስተምራለች።

«ሲስተሙ አለ።»

በሹክሹክታ ነበር ያለችው። ጣሪያው ላይ ያለው ማይክ ግን ሹክሹክታም አያመልጠውም። ካሜራዋ ከሰብሳቢዋ ላይ ተነሳች፤ ምክትሉን አለፈችው፤ ግድግዳው ጋ ቆመች። እትዬ ስክሪን በገዛ ስክሪኗ ላይ ግድግዳ አክላ ወጣች።

«ጋሼ አልተሳሳቱም» አለች። «መስመራቸውም ደካማ አይደለም። ማጋሪያው እዚህ፣ በዚህ ታብሌት ነው የተዘጋው። የዘጉት ምክትል ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ትናንት ለኔ ሲስተም የለም በይ ብለውኝ ነበር፤ አልልም አልኳቸው።»

«ተሳስታ ነው፤ ቴክኒኩን አልተረዳችውም» አለ ምክትሉ። ሲናገር ካሜራዋ ወደ እሱ ዞረችና ላቡን ለቅርንጫፉ ሰዎች አሳየች።

ሰብሳቢዋ ወረቀታቸውን አስቀመጡ። «ታብሌቱን ስጣት» አሉ።

ወዲያው አልሰጠም። ሰብሳቢዋ እጃቸውን ሲዘረጉ ነው ክንዱን ያነሳው። እትዬ መጥታ መስታወቱን በእጅጌዋ ወለወለች፤ አንድ ቦታ ነካ አደረገች። «ጋሼ፣ አሁን ይሞክሩት።»

ዝናቡ ግድግዳውን ሞላው። ላስቲኩ፣ ባልዲው፣ ሴቶቹ በየጥጉ ሲሯሯጡ ታየ። ቪዲዮው እስኪያልቅ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ካሜራዋም የምትዞርበት አጥታ ባለችበት ቆመች።

የውሳኔው ሐሳብ ተነሳ። ቦርዱ ሄዶ ጣሪያውን በዓይኑ ሊያይ ቀጠሮ ያዘ። ፋብሪካው ተረፈ ብዬ አልዋሽም፤ ነገሩ እስካሁን አልተቋጨም፤ ማሽኖቹ ግን እየሠሩ ነው። ምክትሉ ያው ምክትል ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲወድቅም ፍራሽ ላይ ነው። እትዬ ስክሪን ግን ብዙም ሳትቆይ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ወደ ምድር ቤት፣ ወደ እንግዳ መቀበያ ተዛወረች። የክፍሉን ቁልፍ ሲቀበሏት አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩላት።

እንግዳ መቀበያ ላይ ግን ለአለቆቹ ነገሩ ብሶ ቁጭ አለ። የሥራው ግማሽ ለባለጉዳይ «የሉም» ማለት ነው። እሷ ደግሞ የለም አትልም። «ምክትሉ አሉ?» ሲሏት «አሉ። ስብሰባ ላይ ናቸው በይ ተብያለሁ፤ ስብሰባ ግን የለም» ትላለች። ባለጉዳይ ደረጃውን በሩጫ ይወጣል። ምክትሉ ቢሮው ውስጥ መደበቂያ አጣ።

ያኔ ሽማግሌ ላኩባት። በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ቅርንጫፎቹ በቪዲዮ ገብተው እያዩ ይቅርታ ከጠየቀች ክፍሉ ይመለስላታል ተባለ። ባሏም «አንዲት ቃል ናት፤ በያትና ግቢ» አላት። ቀናት አሰበችበት። አንድ ጠዋት ወደ ቢሮዬ መጥታ «እጠይቃለሁ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እሷ ከምትለምነው እንግዳ መቀበያ ላይ ብታረጅ እመርጥ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ክፍሉ በሰው ጢም ብሏል፤ ቅርንጫፎቹ ስክሪኑን ተካፍለውታል። ምክትሉ ሙሉ ልብሱን አሰፍቶ እንደ ሙሽራ ከፊት ተቀምጧል። እትዬ ተነሳች።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። «ጋሽ ፎርማን፣ ይሰሙኛል?»

«እሰማሻለሁ፣ ልጄ።»

«ያን ዕለት እርስዎ ጊዜያችሁን ፈጀሁ ብለው ይቅርታ ሲለምኑ፣ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር። ወደ ውሳኔው እንለፍ ሲባልም ዝም ብያለሁ። ይሄን ክፍል እንዳላጣ ፈርቼ ነው። ወዲያው መናገር ነበረብኝ። እርስዎም፣ ከኋላዎ የቆሙትም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጋሽ ፎርማን ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ።

«የተባባልነው ይሄ አይደለም» አለ ምክትሉ። «ይቅርታውን ለኔ ነው የምትጠይቂው።»

እትዬ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች።

«ለርስዎ የሚሆን የለኝም» አለች።